ሦስት ጀልባ ተከራይተን ሳንለያይ መሄድ እንችላለን ወይ?

ጥያቄ፦ «በርሚንግሃም የምንኖር ዕቁብተኞች ነን። ከነልጆቻችን 18 እንሆናለን። በነሐሴ ለአንድ ሳምንት ሦስት ናሮውቦት (በካናል፣ ማለትም በሰው ሠራሽ የውሃ መንገድ፣ የሚሄድ ረጅምና ጠባብ ጀልባ) ተከራይተን፣ በካናሉ ዉስተር ደርሰን ልንመለስ አስበናል። በመኪና እኮ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከመሃላችን ጀልባ ነድቶ የሚያውቅ የለም። ሦስቱም ሳይለያዩ እንዲሄዱ እንፈልጋለን። ይቻላል ወይ? መንጃ ፈቃድ ያስፈልጋል? ለልጆቹስ አያሰጋም? ምግቡና ቡናውስ እንዴት ይሆናል? ቡሄም እዚያው ይውልብናል።» የዕቁቡ ዳኛ

መልስ፦ ዳኛችን፣ ጤና ይስጥልኝ። ይቻላል። ግን ከእቅዳችሁ ሁለት ነገር መቀየር አለበት። አንዱ መንገዱ ነው። ሌላው «ሳይለያዩ» የምትለዋ ቃል ናት።

እዚህ እንግሊዝ አገር የአንድ ጀልባ ክለብ አባል ከሆንኩ ዓመታት አልፈዋል። በበጋ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ለተከራዮች ጀልባ አስረክባለሁ፣ አነዳዱን አሳያለሁ። ቅዳሜ እየሳቀ ሄዶ ማክሰኞ «መጥታችሁ ውሰዱን» ብሎ የሚደውል ቤተሰብ አይቻለሁ። ሁልጊዜም ምክንያቱ አንድ ነው፤ መንገዱን በመኪና ሂሳብ አስበውት ነው።

ካናል ላይ ርቀት ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። የሚነግራችሁ ሎክ ነው። ሎክ ማለት ጀልባዋ ደረጃ የምትወጣበትና የምትወርድበት ክፍል ነው። በሁለት በር መሃል ትገባለች፣ ውሃው ይሞላል ወይም ይጎድላል፣ እሷም አብራ ከፍ ወይም ዝቅ ትላለች። ከጥቂት ቦታ በቀር ከፍቶ የሚያሳልፋችሁ ሠራተኛ የለም። የውሃውን መክፈቻ በብረት እጀታ የምታሽከረክሩት እናንተ ናችሁ። በሩንም በጀርባችሁ ተደግፋችሁ የምትገፉት እናንተ ናችሁ።

ጀልበኞች የሚጠቀሙበት ቀላል ሂሳብ አለ። ማይሉንና የሎኩን ቁጥር ደምሩ፣ ለ3 አካፍሉ። የሚወጣው ሰዓት ነው። የበርሚንግሃምና የዉስተር ካናል 30 ማይል ነው፤ 58 ሎክ አለው። ሲደመር 88፣ ለ3 ሲካፈል 29 ሰዓት ከምናምን። ይሄ መሄጃው ብቻ ነው። ደርሶ መልሱ ወደ 59 ሰዓት ይጠጋል። ኪራዩ አብዛኛውን ጊዜ ከቅዳሜ ከሰዓት እስከ ቀጣዩ ቅዳሜ ጠዋት ስለሆነ፣ በእጃችሁ ያለው ስድስት ሙሉ ቀን ነው። በቀን አሥር ሰዓት ማለት ነው፣ ልጅ ይዞ፣ ዝናብም ቢጥል። መሃል ላይ ደግሞ ታርድቢግ አለ። ከ4 ኪሎ ሜትር ባነሰ መንገድ 30 ሎክ ተከታትሎ የተደረደረበት፣ በብሪታንያ ረጅሙ የሎክ ሰንሰለት ነው። የለመደ ሰው እንኳ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። ለመጀመሪያ ጊዜ አልመክራችሁም።

ለምን ለ3? የተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 4 ማይል ነው፤ 6.4 ኪሎ ሜትር። ግን ከዳር የታሰሩ ጀልባዎች ባሉበት ሁሉ ሞተሩ ሊጠፋ እስኪመስል መቀነስ አለባችሁ። አለበለዚያ የምትጎትቱት ውሃ የሰውየውን ካስማ ከመሬት ይነቅለዋል፣ ሻዩንም ይደፋበታል። ስለዚህ እውነተኛው ፍጥነት የእግረኛ ነው። ከዘራ የያዘ ሽማግሌ ከዳር ሰላም ብሏችሁ ያልፋችኋል። ከባሕር ዳር ዘጌ በሞተር ጀልባ የሄደ ካለ እሱን ይርሳው። ጣና ሜዳ ነው። ይሄ ግን ኮሪደር ነው።

እኔ ብሆን በመኪና ኤልስሚር ወይም አካባቢው ሄጄ ነው ጀልባ የምረከበው። ሽሮፕሺር ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከዚያ በላንጎለን ካናል ወደ ዌልስ ትገባላችሁ። እስከ ላንጎለን ከተማ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሎኩ ስንት መሰላችሁ? ሁለት። ኒው ማርተን ላይ ሁለት ሎክ፣ አለቀ። ልምምዱም አይቀርባችሁም፣ ወገባችሁም ይተርፋል። ከዚህ ካናል የሚያማምረው ቦታ በሙሉ ደግሞ እዚህ ክፍል ላይ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህ ካናል ይፈሳል። አብዛኛው ካናል የቆመ ውሃ ነው። የላንጎለኑ ግን ከዲ ወንዝ ውሃ ተቀብሎ በሌላው ጫፍ ያለ ማጠራቀሚያ ያደርሳል። ወደ ላንጎለን ስትሄዱ ሽቅብ ከወራጁ ጋር እየታገላችሁ ነው። በዚያ ሂሳብ ሰባት ሰዓት ገደማ የሚወጣው መንገድ ዘጠኝም አሥርም ሊሆን ይችላል። በሁለት ቀን ተኩል ብታደርጉት ጥሩ ነው። ስትመለሱ ውሃው ይገፋችኋል።

ቸርክ ላይ አንድ ትልቅ የውሃ ድልድይ ታቋርጣላችሁ፤ መሃሉ ላይ ከእንግሊዝ ወጥታችሁ ዌልስ ትገባላችሁ። ወዲያው 421 ሜትር ዋሻ አለ። መብራት የለውም፣ የፊት መብራታችሁን አብሩ። ከመግባታችሁ በፊት ከወዲያ የሚመጣ መብራት መኖሩን እዩ፣ ሁለት ጀልባ አይተላለፍበትምና። ዋሻው ጠባብ ስለሆነ ወራጁ ይበረታል። ጀልባዋ የቆመች ይመስላችኋል። ነዳጅ መስጠት ያምራችኋል። አትስጡ። በጠባብና ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ሞተሩን ባስጮኻችሁ ቁጥር የኋላዋ ወደ ታች ትሰምጣለች እንጂ ፍጥነት አትጨምርም። ታገሡ፣ ትወጣለች።

ከዚያ ፖንትከሲልቴ ይመጣል። ስለሱ ብዙ ባልናገር ይሻላል፤ ስትደርሱ ታዩታላችሁ። ቶማስ ቴልፎርድና ዊልያም ጄሶፕ አሥር ዓመት ፈጅተው እ.ኤ.አ. በ1805 የጨረሱት የውሃ ድልድይ ነው። 307 ሜትር ርዝመት፣ 38 ሜትር ከፍታ አለው። ከ2009 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ነው። ውሃው የሚሄደው በብረት ገንዳ ውስጥ ነው። በአንድ በኩል የእግረኛ መንገድና የብረት አጥር አለ። በሌላው በኩል ምንም የለም። የገንዳው ከንፈር ከውሃው ትንሽ ከፍ ይላል፣ ከዚያ ወዲያ አየር ነው። ኋላ ቆሞ የሚነዳው ሰው ወደዚያ ጎን ካየ እግሩ ሥር የሚያገኘው የዲ ወንዝን ነው። ገንዳው ጠባብ ስለሆነ መዘወር ብዙ አያስፈልግም፣ ግን ከፍታ የሚፈራ ሰው መሪ አታስይዙ። ትንንሾቹ ወይ ከውስጥ ሆነው በመስኮት ይዩ፣ ወይ ከትልቅ ሰው ጋር በእግረኛው መንገድ ይሂዱ። ጣሪያ ላይ ማንም አይቀመጥ።

አሁን ወደ «ሳይለያዩ» ልምጣ።

በክለባችን የመጀመሪያ የጋራ ጉዞዬ ላይ አምስት ጀልባ ሆነን ጠዋት 2 ሰዓት አንድ ላይ ተነሳን። ሰልፉ ሲያዩት የጥምቀት ነው። የመጀመሪያው ሎክ ላይ የፊተኛው ገባ፣ አራታችን ቆምን። የመጨረሻው እኔ ነበርኩ። ተራዬ እስኪደርስ አንድ ሰዓት ተኩል ገመድ ይዤ ቆሜያለሁ። ከእኔ ኋላ ደግሞ የማናውቃቸው ሰዎች ይሰለፋሉ። አንድ ሽማግሌ ምንም አልተናገሩም፤ ሻያቸውን ይዘው አዩኝ ብቻ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ችግሩ የጊዜ ብቻ አይደለም፣ የውሃም ነው። አንድ ጀልባ ወርዶ ሲወጣ ሎኩ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ከታች የሚመጣ ካለ ያንን ባዶ ሎክ ገብቶ፣ ሞልቶ፣ ይወጣል። ያኔ ከላይ ያለው ቀጣይ ጀልባ ሙሉ ሎክ ያገኛል። በአንድ ሙሌት ሁለት ጀልባ አለፈ ማለት ነው። ተከታትለን ስንወርድ ግን ለእያንዳንዳችን ሎኩ ባዶውን እንደገና ይሞላል። አንዱ ሙሌት ከ100 ሺህ ሊትር በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 በጋ ድርቁ ብዙ ካናል አዘግቷል፤ ስለዚህ ጀልበኛ ውሃ ሲባክን ሲያይ ፊቱ ቢጠቁር አትፍረዱበት።

ክለባችን ከዚያ በኋላ ልማዱን ቀየረ። አንዱ ይነሳል፣ ሁለተኛው ግማሽ ሰዓት ቆይቶ፣ ሦስተኛው ሌላ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ። ቀን ተለያይተን እንውላለን፣ ምሳና ማታ እንገናኛለን። ልጆች ምሳ ላይ ጀልባ ይቀያየራሉ። የፊተኛነቱ ተራ በየቀኑ ይዞራል፣ ምክንያቱም ፊት የሄደ ማታ የማሰሪያ ቦታ ፈልጎ የመያዝ ሥራ አለበት። ለሦስት ጀልባ የሚሆን ቦታ ነሐሴ ላይ ከ10 ሰዓት በኋላ አይገኝም። በጊዜ ቁሙ።

የሚበልጠው ጉልበተኛና ጠንቃቃ ሰው መሆን ያለበት ግን የኋለኛው ጀልባ ላይ ነው። ሰው ሁሉ ተቃራኒውን ያደርጋል። ለምን ኋላ? ናሮውቦት ወርዷ 2.08 ሜትር ነው፣ ርዝመቷ ግን 17 ሜትርና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ካናሉ ከርዝመቷ ይጠባል። ፊት ያለው ጀልባ ኋላ ያሉት ችግር ገጠማቸው ቢባል ዞሮ መመለስ አይችልም። ለመዞሪያ የተቆፈረ ቦታ እስኪደርስ መሄድ አለበት። ፊት ያለው ቢቸገር ግን ኋለኛው ራሱ መንገዱ ስለሆነ ይደርስበታል።

«የት ናችሁ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ የድልድይ ቁጥር ነው። ካናሉ ላይ ያለ ድልድይ ሁሉ ማለት ይቻላል ቁጥር ተለጥፎበታል። ያለፋችሁትን ቁጥር ዋትስአፕ ላይ ጻፉ። አንድ ሰው ሁልጊዜ የመጨረሻውን ቁጥር በቃሉ ይያዝ፣ አምቡላንስ መጥራት ቢያስፈልግ የሚጠይቋችሁ የት እንደሆናችሁ ነውና። ዌልስ ሸለቆዎች ውስጥ ኔትወርክ ይጠፋል። ስለዚህ የምሳና የማታውን ቦታ ጠዋት ሳትለያዩ ተነጋገሩ።

ተጠግታችሁ እንድትሄዱ የምመክራችሁ አንድ ቦታ ብቻ ነው። ከፖንትከሲልቴ ማዶ ካለችው ከትሬቨር እስከ ላንጎለን ባለው መንገድ አንድ ጀልባ ብቻ የሚያሳልፉ ጠባብ ክፍሎች አሉ። እዚያ አንድ ጎረምሳ ስልክ ይዞ በእግሩ ይቅደም፣ መንገዱ ባዶ ሲሆን ይጥራችሁ። ሦስታችሁም በአንድ ትንፋሽ ትወጣላችሁ። ሳታዩ ገብታችሁ መሃል ላይ ከሌላ ጀልባ ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ከተፋጠጣችሁ፣ 17 ሜትር ብረት ወደ ኋላ መንዳት ምን እንደሆነ ያኔ ትማራላችሁ። ወደ ኋላ ሲኬድ መሪው አይታዘዝም።

መንጃ ፈቃድ አይጠየቅም። ሲያስረክቧችሁ ያሳዩአችኋል። ለዚህ ጊዜ ሁላችሁም ተገኙ፤ አንዱ ዕቃ ሲያወርድ፣ ሌላው ሱፐርማርኬት ሲሄድ ትምህርቱ ያልፋል። መሪው ዘንግ ነው፤ ወደ ግራ ስትገፉት አፍንጫዋ ወደ ቀኝ ትሄዳለች። ለአሥር ደቂቃ ያደናግራል፣ ከዚያ እጅ ይለምደዋል። ፍሬን የለም። ከፊት የሚመጣ ጀልባ ሲገጥማችሁ ቀኝ ያዙ። እንግሊዝ ነው ብላችሁ እንደ መኪናችሁ በግራ የምትነዱ እንዳይመስላችሁ። ጀልባዋ ከ15 ቶን በላይ ትመዝናለች። ከግድግዳ ልትጋጭ ስትል እግር ወይም እጅ ሰዶ ማስቆም የሚባል ነገር የለም። ትጋጭ። ብረት ናት።

ለልጆቹ ያላችሁት። ካናሉ ብዙውን ቦታ ወገብ ድረስ ቢሆን ነው። ትልቅ ሰው ከወደቀ ብዙውን ጊዜ ቆሞ ይወጣል፤ ለትንሽ ልጅ ግን ጥልቅ ነው። ከውሃው ሌላ የሚገድለው ደግሞ ከኋላ የሚሽከረከረው ፕሮፔለር ነው። ሰው ወደቀ ሲባል ነጂው መጀመሪያ ማርሹን ነጻ ያውጣ፣ ከዚያ ይጩህ። ወደሱ ወደ ኋላ እንዳይነዳ። የሕይወት ጃኬት ጠይቁ፤ ትንንሾቹ ከውጭ እስካሉ ድረስ አይውለቅ።

እኔን የሚያሰጋኝ ሎኩ ነው፣ ያውም ወደ ታች ስትወርዱ። ከላይኛው በር ሥር ውሃ ውስጥ የተደበቀ የድንጋይ ደፍ አለ። ውሃው ሲጎድል ደፉ ይወጣል። የጀልባዋ ጅራት እሱ ላይ ከቀረ፣ አፍንጫዋ ከውሃው ጋር ይወርዳል፣ ጅራቷ ይንጠለጠላል። በዚህ የሰጠመ ጀልባ አለ። ደፉ የሚያበቃበት ቦታ ጎኑ ላይ በነጭ ቀለም ተሰምሯል። ከመስመሩ ወደ ፊት ቁሙ፣ እዚያው ቆዩ።

እኔ ራሴ ይህን እያወቅኩ አንዴ ወሬ ይዞኝ ጀልባዋ ቀስ ብላ ወደ ኋላ ሸተት አለች። ያወቅኩት ከውስጥ ሰሃን ሲንሸራተት ስሰማ ነው። ባለቤቴ ላይ ሆና አየች። የታችኛውን መክፈቻ ዘጋች፣ የላይኛውን ቀስ ብላ ከፈተች፣ ውሃው ተመልሶ አነሳን። አንድ ደቂቃም አልፈጀም። ያ ቅደም ተከተል በቃል ይያዝ፤ ታች ዝጉ፣ ላይ ክፈቱ። ሎክ ውስጥ ገመድ ጠፍራችሁ አትሰሩ። የብረት እጀታውን መክፈቻው ላይ ሰክታችሁ አትተዉ፤ ካመለጠ ተሽከርክሮ ጥርስ ያወልቃል። ስልክ ደግሞ ኪስ ይግባ።

አሁን ቡና። ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይቺን አትርሱ። ጀልባ ውስጥ የከሰል ምድጃ አይገባም። ለጀበናም፣ ለዕጣንም፣ «አሁን ጠፍቷል» ተብሎም አይገባም። ናሮውቦት ጣሪያዋ ዝቅ ያለ የብረት ሳጥን ናት። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሰው እንቅልፍ የመጣበት መስሎት ነው የሚሞተው። ጀልባዎች የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ እንዲኖራቸው እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ግዴታ ነው። ስትረከቡ ቁልፉን ተጭናችሁ ሲጮህ ስሙት። ጀበናውን በጋዝ ምድጃው ላይ መስኮት ከፍታችሁ አፍሉት። ቁላውንም እዚያው ቁሉት። ቄጠማው አይከለከልም።

ምጣድ ግን ቤት ይቅር። ጀልባዋ በባትሪ ነው የምትኖረው፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ አይችላትም። እንጀራ ጋግራችሁ ሂዱ። ፍሪጁ ትንሽ ስለሆነ የሳምንቱን በአንዴ አትጫኑ። ረቡዕ ገደማ በመኪና ላንጎለን የሚመጣ ዘመድ ካለ ሁለተኛውን ዙር ያምጣ። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ከሆነ ደግሞ ፍልሰታ ነው፣ የምትጾሙ ትኖራላችሁ። ይሄ እንደውም አቀለላችሁ። ሽሮና ምስር ፍሪጅ አያስጨንቅም። ሽንኩርት ጣሪያ ላይ በቅርጫት ይቀመጣል፣ ጀልበኛው ሁሉ የሚያደርገው ነው።

ሽንት ቤቱን ሳልጠቅስ ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር። ታንኩ መጠን አለው፣ የመታጠቢያውም ውሃ መጠን አለው። ውሃ በየቀኑ ሙሉ። ሽንት ቤት ውስጥ ከወረቀት በቀር ምንም አይጣል፣ እርጥብ ሶፍትም ጭምር። ለልጆቹም ለእንግዶቹም ንገሩ። አንዴ ከተደፈነ ስድስት ሰው ስለሌላ ነገር አያወራም።

ስትከራዩ ደግሞ፣ «ስምንት ሰው ትይዛለች» የሚባለው የምግብ ጠረጴዛው ማታ ማታ አልጋ ሲሆን ነው። 18 ሰው ከሆናችሁ የስምንት ሰው ሦስት ያዙና ስድስት ስድስት ሁኑ። በአንድ ትልቅ ጀልባ ልጠቅልላችሁ የሚል ካለ፣ ከ12 ሰው በላይ ለመጫን ሌላ ፈቃድና የሠለጠነ ነጂ ያስፈልጋል። ነዳጅ፣ መኪና ማቆሚያና የጉዳት ዋስትና በዋጋው ውስጥ መሆን አለመሆኑን በጽሑፍ ጠይቁ። ከመሄዳችሁ በፊት ካናሉን የሚያስተዳድረው የካናልና ሪቨር ትረስት ያወጣውን የመዘጋት ማስታወቂያ እዩ። መስከረም መጀመሪያ ላይ ማድረግ ብትችሉ ሎኩም ማሰሪያውም ይለቀቅላችሁ ነበር፤ ግን ትምህርት ቤት ይከፈታል፣ ገብቶኛል።

ላንጎለን ስትደርሱ አንድ ቀን ሙሉ ቁሙ። ሞተር ያለው ጀልባ ከዚያ አያልፍም። ካናሉ ውሃውን የሚጠባበት፣ ቴልፎርድ የሠራው የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው ግድብ ግን በእግር ወደ 3 ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱ ሜዳ ነው፣ የልጅ ጋሪም ይሄድበታል። ጉልበት ያላችሁ ከከተማው በላይ ያለውን የዲናስ ብራን ፍርስራሽ ቤተ መንግሥት ውጡ።

ቡሄ ያላችሁት ደግሞ። ሙልሙሉ በጋዝ ምድጃው ኦቨን ይጋገራል፣ ትንሽ ትንሽ አድርጉት። ችቦው ይቅር፤ ጀልባውም ዳሩም ነዳጅና ጋዝ ነው። ሆያ ሆዬ ግን ሦስት ጀልባ ካላችሁ ሦስት ቤት አላችሁ፣ ልጆቹ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሂዱ። የታሰረ ጀልባ ሞተር ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ስለማይነሳ ሰው በጊዜ ይተኛል፤ ቀደም ብላችሁ ጨፍሩ። ጎረቤቶቹንም ሙልሙል ይዛችሁ ቀድማችሁ ንገሯቸው። ዱላውን ግን ምድር ላይ ብቻ ይምቱት። የሰው ጀልባ ጣሪያ ላይ ካረፈ፣ ውስጥ የተኛው ሰው ከበሮ ውስጥ ያደረ ይመስለዋል።